ከፊት ያሉት ዜሮዎች

አካለ ወልድ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ሲቀጠር ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ከደብረ ማርቆስ ያገኘውን የሙያ ወረቀትና ከደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ያመጣውን የእጅ ጽሑፍ። ወረቀቱን ያዩት ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምለው ብቻ ናቸው። የእጅ ጽሑፉን ግን አይቶ ያላደነቀ የለም። በገባ በሳምንቱ የመማሪያ ክፍሎቹን ቁጥር በየበሩ ላይ በግዕዝ አኃዝ አሳምሮ ጻፈ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ክፍላቸውን ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ከበር በር ሲንከራተቱ ሰነበቱ። አቶ ደምለው ግን "ካማረ ምን ችግር አለው፣ ይልመዱት" ብለው ዝም አሉ።

ትምህርት ቤቱ ያለው ከጉንደ ወይን ወጣ ብላ፣ ከወንዙ ማዶ በተቀመጠች ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ነው። ሃያ ኮምፒውተሮች አሉት። አሥራ አራቱ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ጎናቸውን መታ መታ ሲያደርጓቸው ይሠራሉ፣ የቀሩት ቁጥር ለማሟላት ተቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን መስኮቱ ሥር ራውተር የምትባል አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች። ኢንተርኔቱን ለሁሉም የምታከፋፍለው እሷ ናት። ያስተካከላት ባዘዘው የሚባል ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራውን ሲጨርስ የሣጥኗን ቁጥሮች ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሆዷ ላይ በፕላስተር ለጥፎላት ሄደ። ከዚያ መተከል በረሃ ሥራ አገኘና ስልኩም እንደ ሰውየው ጠፋ።

የሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አቶ ደምለው አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ኢንተርኔቱ ቢሯቸው ድረስ በገመድ እንዲገባላቸው ፈለጉ። በጭቃ ግቢውን እያቋረጡ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መመላለስ ሰልችቷቸዋል። ደግሞ ዓርብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ስለሆነ፣ የመላኪያዋን ቁልፍ ከገዛ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በገዛ ጣታቸው መጫን አማራቸው። ሰው ርዕሰ መምህር ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ትንሽ አምሮት ቢኖረው አይፈረድበትም።

አካለ ወልድም ደስ ብሎት ተቀበለ። የኮሌጅ መምህሩ ደግመው ደጋግመው ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ነበር፤ ማሽን ላይ አንዲት ነገር ከመቀየርህ በፊት የነበረውን እንዳለ ቅዳ። ይህን ባክአፕ ይሉታል። ባክአፕ ሳይዝ ማሽን የሚነካ ሰው ለእኚያ መምህር ከሌባ አይሻልም ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው፣ አካለ ወልድ ሥራዬ ብሎ ተቀመጠ።

በፍላሽ ዲስክ እንዳይቀዳ፣ ያለው አንድ ፍላሽ የባዮሎጂ መምህሩ ዘንድ ሄዶ በፊልምና በቫይረስ ተሞልቶ ተመልሷል። ስለዚህ ደብተር አወጣ። ሣጥኗን ገልብጦ የባዘዘውን ቁራጭ ወረቀት አነበበ፤ ሻይ የፈሰሰበት፣ ዝንብ የተመላለሰበት፣ መልኩ የጠፋ ወረቀት ነው። የቅኔ ቤት ልጅ ደግሞ ሲገለብጥ አፉን ዘግቶ አይገለብጥም። እያንዳንዷን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ይጠራል። አካለ ወልድም እንደዚያው አደረገ። እጁ የለመደው ስለሆነ፣ ደግሞም ተማሪዎች ደብተሩን ቢያገኙ እንዳያነቡት ብሎ፣ ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ አኃዝ ጻፈው። ምሥጢሩን በጽሑፍ እየደበቀ በጩኸት ማወጁን ልብ አላለውም። ሲጨርስ ገጹ ለቤተ መዘክር የሚሆን ሆነ። ያን የቆሸሸ ወረቀት ላጠና ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የብርጓልም በማግስቱ ከቆሻሻው ጋር አቃጠለችው።

በዚያች ማክሰኞ ከአካለ ወልድ ሌላ በክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ይስማው። ዝናቡን ሸሽተው በሩ ሥር አግዳሚ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠው ነበር። ያንቀላፉ መስለውት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አካለ ወልድ ገመዱን እስከ አቶ ደምለው ቢሮ ዘረጋና ሣጥኗን መነካካት ጀመረ። አንዱን ቁጥር ቀየረ፤ ቢሮው አልሠራ አለ። ሌላውን ቀየረ፤ ክፍሉም መሥራቱን ተወ። ሦስተኛውን ሲቀይር ሣጥኗ ራሷ መብራቷን ማብለጭለጭ ጀመረች። እሱ ግን አልደነገጠም። "ባክአፕ አለኝ" ብሎ ለራሱ ፈገግ አለና፣ ከሣጥኗ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ቁልፍ ጫን አድርጎ ሁሉንም አጠፋው። ሣጥኗ ከፋብሪካ እንደወጣች ባዶ ሆነች። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ አንድ በአንድ መለሰላት።

ሁሉም በሰላም ገባ። መጨረሻ ላይ ቴሌ መስመሩን የሚከፍትበት የይለፍ ቁጥር ቀረ። ደብተሩ ላይ ፯፼፵ ይላል፤ ሰባ ሺህ አርባ ማለት ነው። አካለ ወልድ 70040 ብሎ ጻፈና ጫነው።

"ስህተት ነው" አለችው ሣጥኗ። "ሁለት ሙከራ ይቀርዎታል። ከዚያ በኋላ ለሃያ አራት ሰዓት ይዘጋል።"

አካለ ወልድ ቁጥሩን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ጣራውን አየ። ከዚያ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የባዘዘው ወረቀት ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው ከሰባት አልነበረም፤ ከፊቱ ዜሮ ነበረው። ግዕዝ አኃዝ ደግሞ ዜሮ የሚባል የለውም። ሰባውንም ሺውንም አርባውንም በክብር ያስቀምጣል፤ ከፊት የተሰለፈን ባዶ ግን አያውቀውም። አካለ ወልድ የማሽን ቁጥር እንደ ቤተ ክርስቲያን ዘመን ቆጥሮ ጽፎታል። ያ ዓይን የሚማርክ ባክአፕ ለሣጥኗ ምንም አልፈየደላትም።

አንድ ዜሮ ይሆናል ብሎ 070040 ሞከረ። "ስህተት ነው። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።"

ወደ የብርጓል ሮጠ። "እትዬ፣ ረቡዕ ከዚህ ክፍል ያወጣሽው ቆሻሻ የት አለ?"

"ቆሻሻ ምን ይደረጋል? አቃጠልኩት እንጂ" አለችው። "ምነው፣ ገንዘብ ነበረበት?"

ገንዘብ በሆነ ኖሮ ይሻል ነበር። ባዘዘው ጋ ደወለ፤ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" አለው። ኢንተርኔት ወዳለበት ወደ ጉንደ ወይን ለመሄድ ቢያስብ፣ ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ ሚኒባሶቹ ከማዶና ከማዶ ተፋጠው ቆመዋል። የሞባይሉ መስመር ደግሞ እንኳን ፋይል ሊልክ "ሄሎ" ማድረስም እያቃተው ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ተማሪዎቹ መምጣት ጀመሩ። ሃምሳ ስምንት ናቸው። ከሃምሳ ስምንቱ ግማሹ ጫማውን በእጁ ይዞ በጭቃ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ መጥቷል፤ የምርጫው መላኩን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ ማን የት እንደሚመደብ እግዜር ይወቅ። መቅደላዊት የምትባለው ልጅ ምርጫዋን አምስት ጊዜ ቀይራለች፤ ሐሙስ ማታ በመጨረሻ ሕክምና ብላ ቆርጣ፣ እናቷን አስለቅሳ፣ አባቷን አስምላ መጥታለች። በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ "ጋሽ አካለ፣ ተላከ እንዴ?" አለችው።

"ሊላክ ነው" አላት። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

አቶ ደምለው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ነገሩን ሲሰሙ ቁጣ ይመጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ጉልበታቸውን አቀፉ። "ጠዋት በዚህ ክፍል በኩል ልከነው ቢሆን ኖሮ አልቆ ነበር" አሉ። "ከቢሮዬ ካልላክሁ ያልኩት እኔ ነኝ።" ይህ ከቁጣ ባሰበት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። አካለ ወልድ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ነገር ላይ ደረሰ። ኮሌጅ ሳለ የይለፍ ቁጥር ከስምንት አያንስም ተብሎ ተምሯል። ስለዚህ ከፊት ሦስት ዜሮ አለ ማለት ነው። 00070040 ብሎ ጻፈ። ጣቱ ቁልፏ ላይ አረፈ። ሊጫን ነው፤ ግን አልጫንም አለው። ጣቱ ከእሱ ይልቅ የፈራ ይመስላል።

በዚህ መሐል ጋሽ ይስማው ገቡ። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ቅዳሴ አስቀድሰው መምጣታቸው ነበር። ነጠላቸው ረጥቧል፣ በእጃቸው የጠበል ዕቃ ይዘዋል። የሰዉን ፊት ሲያዩ ደነገጡ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም" አሉ አቶ ደምለው። "ቁጥር ጠፋብን።"

"የምን ቁጥር?"

አካለ ወልድ አንገቱን እንደደፋ "ማክሰኞ ከዚህች ሣጥን ላይ የገለበጥኩት ነው፣ ጋሽ ይስማው። ከፊት ዜሮዎች ነበሩት። እኔ ሳልጽፋቸው ቀረሁ" አላቸው።

ሽማግሌው የጠበሉን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። "ያን ጊዜ ስትጮህ የነበረውን ነው? ታዲያ እኮ ጠርተኸዋል። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ዜሮ። ከዚያ 'ወይ ጣጣ' አልክ፣ ደገምከው፣ ዝንብ አባረርክ፣ ደብተርህን ዘጋህ።"

አቶ ደምለው ጉልበታቸውን ለቀው ቀና አሉ።

"ተኝተው አልነበረም እንዴ?" አለ አካለ ወልድ።

"ዓይኔ ነው የተኛ። ጆሮዬን ማን አስተኝቶት ያውቃል?"

አካለ ወልድ ስክሪኑን አየ። እሱ የጻፈው ሦስት ዜሮ ነው፤ ሽማግሌው የሚሉት ሁለት ነው። ኮሌጅ ስምንት ይላል፣ ዘበኛው ሰባት ይላሉ፤ ያለው ሙከራ ደግሞ አንድ። የሃምሳ ስምንት ልጅ ዕድል በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ሊጣል ነው።

"ጋሽ ይስማው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእሱ በፊት የጠራሁትንም ያስታውሱታል?"

ሽማግሌው አልተቀየሙም። አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። አካለ ወልድ ደብተሩን ገልጦ በጣቱ ተከተላቸው። መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስድሳ ስምንት፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ እሱ ቆም ያለበት ቦታ ቆም እያሉ፣ እሱ ያስነጠሰበት ቦታ "እዚህ ላይ አስነጠስክ" እያሉ፣ አሥራ አራት መስመር ቁጥር ወረዱት። በመሐል እሱ ተሳስቶ ጠርቶ ያረመውን እንኳ ከነስህተቱ ከነእርማቱ ጠሩት። ከደብተሩ ጋር ዝንፍ ያለ ነገር አልነበረም። አቶ ደምለው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

አካለ ወልድ ከፊት ያለችውን አንዷን ዜሮ አጠፋት። 0070040። አማተበና ጫነው።

ሣጥኗ ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ከዚያ ቀይ መብራቷ ጠፋና አረንጓዴው ቦግ አለ። በመስኮቱ ያሰገጉት ተማሪዎች ምኑንም ሳያውቁ ጮኹ። አቶ ደምለው ከወንበራቸው ተነሥተው ዘበኛውን አቅፈው ሳሟቸው። አካለ ወልድም "ይምጡ፣ የመላኪያዋን ቁልፍ እርስዎ ይጫኑ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አቶ ደምለው ግን ወንበሩንም አምሮታቸውንም ረስተው "ይስማው ይጫን" አሉ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የሃምሳ ስምንቱ ልጆች ምርጫ በዘበኛው ጣት ተላከ። መቅደላዊት ስድስተኛ ጊዜ ለመቀየር ስታመነታ ደረሰባት፤ ተገላገለች።

ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ አካለ ወልድ ከሽማግሌው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል።

"ጋሽ ይስማው፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"አንተ ካመጣህበት። እኔም ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆሎ ቆርጥሜያለሁ።"

አካለ ወልድ ዓመት ሙሉ "ደኅና አደሩ" ሲላቸው ይህን አያውቅም ነበር። አፈረ።

"ቅኔ ሲቀርብ አንዴ ተብሎ የሚያልፍ ነገር እንደሆነ ታውቃለህ" አሉት። "ያኔ ጆሮውን ቀስሮ የሚነጥቅ ከሌለ እንደወጣ ይቀራል። እኔ ነጣቂ ነበርሁ። የፈለገ ቢረዝም አንዴ ከሰማሁት አይወጣም። የራሴን ቅኔ ግን አንድም ቀን አልሆነልኝም። የኔታም 'አንተ ልጅ የሰው ዕቃ ማኖሪያ ነህ' አሉኝ፣ በጉባኤ መሐል። ተማሪው ሳቀ። በማግስቱ አኮፋዳዬን ይዤ ወጣሁ። የራሱ የሌለው ሰው ምን ይሠራል ብዬ።"

"ዛሬ የሠሩትን አዩ እኮ" አለ አካለ ወልድ።

ሽማግሌው ሣጥኗን በአገጫቸው አመለከቱ። "ቅድም ተልኮ ሲያበቃ ለደምለው ስታስረዳው ሰማሁህ። አንድ ነገር ከመቀየሩ በፊት ይቀዳል አልክ።"

"አዎ። ባክአፕ።"

"ወልደ ሰንበት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። እንደሱ ያለ ባለ ቅኔ አላየሁም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ንዳድ ወሰደው፤ አንዲት ቃል በብራና አልጻፈም። አርባ ሦስቱ እኔ ዘንድ አለ። አርባ ሦስት ቅኔ። አርባ ዓመት ለማንም አልተናገርሁም፤ የሰው ይዞ ይኮፈሳል እንዳልባል። ባለፈው ሰንበት ግን ከአንዱ መወድስ ቅኔው አንድ ቤት ጠፋችብኝ። ሦስት ቀን ፈልጌ አገኘኋት። የምትቀጥለዋን ላላገኛት እችላለሁ።" እጃቸውን ወደ ራሳቸው ጠቆሙ። "ይህ ነገር መቀየር ጀምሯል፣ ልጄ። ሳይብስ ቅዳኝ።"

አካለ ወልድ ተነሥቶ ከአሥራ አራቱ ኮምፒውተሮች የተሻለውን ከፈተ። ጎኑ ወንበር ስቦ ሽማግሌውን አስቀመጣቸው። ጋሽ ይስማው ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ጠሩ፤ እሱ እየተከተለ ጻፈ፣ ጮክ ብሎ መልሶ አነበበ፣ እሳቸው ሁለት ቦታ አረሙት። ራስጌው ላይ ቁጥር ሲሰጠው 01 ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አዲስ ፍላሽ ሊገዛ፣ ደግሞም በደብተሩ ሊገለብጠው፣ ለደብረ ወርቅ መምህሩም አትሞ ሊልክ በልቡ ወሰነ።

"የባለቤቱን ስም ጻፍ" አሉት ሽማግሌው። "ወልደ ሰንበት በል። የእኔን እንዳታስገባ።"

ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ሳይጠየቅ አንድ መስመር ጨመረ። ሽማግሌው ያለ መነጽር ስለማያነቡ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"ምን ጨመርክበት?"

"'አርባ ዓመት የያዘው፣ ይስማው' ነው የሚለው።"

ጋሽ ይስማው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አጥፋው ይሉታል ብሎ ጠበቀ፤ አላሉትም።

"አርባ ሁለት ይቀረናል" አሉት። "መብራት ሳይጠፋ ቀጥል።"